የገጠር ቪላ ለቤተሰብ ዕረፍት፦ ከቶስካና እስከ ዶርዶኝ ክልል እንዴት ይመረጣል?

ቪላ ለመከራየት የሚያስብ ቤተሰብ ፍለጋውን የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከፎቶ ነው፦ የፈረንጅ ጽድ የተሰለፈበት ኮረብታ፣ የድንጋይ ቤት፣ ከፊቱ ሰማያዊ ገንዳ። ዳቦ ለመግዛት ስንት ደቂቃ እንደሚነዳ፣ የአራት ዓመቱ ልጅ የሚተኛበት ክፍል ከወላጆቹ ክፍል ምን ያህል እንደሚርቅ፣ በኦገስት እኩለ ቀን ጥላ ከየት እንደሚገኝ ግን ፎቶው አይናገርም። ክልል መመረጥ ያለበት በእነዚህ ነው። ሁለቱም የጣሊያን ክልሎች ናቸው፤ የቶስካና ስም ከኡምብሪያ ስም ስለገነነ ብቻ ግን የቶስካናው ሳምንት ለልጆቻችሁ የተሻለ አይሆንም።

መጀመሪያ ቀናቱን ቁጠሩ። የበጋ ኪራይ በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ነው፤ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ቁልፍ የሚሰጠው 16፡00 ወይም 17፡00 ላይ ሲሆን ቤቱ የሚለቀቀው 10፡00 ላይ ነው። ሰባት ሌሊት ብላችሁ የከፈላችሁት እንግዲህ ስድስት ሙሉ ቀን ነው። ከስድስቱ አንዱ ለአስቤዛና ለድካም ይሄዳል፣ የመጨረሻው ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላው ሻንጣ በማሰናዳት ያልቃል። ትንንሽ ልጆች ያሉት ቤተሰብ ከቀሩት ውስጥ ሁለቱን ወይም ሦስቱን ራቅ ወዳለ ቦታ ቢወጣባቸው ትልቅ ነገር ነው። ስለዚህ ክልሉን በታላላቅ ከተሞቹ ብዛት አትመዝኑት። የምትመዝኑት ከቤቱ ሳትርቁ በምትውሉባቸው ቀናት በግማሽ ሰዓት ውስጥ ምን እንደሚገኝ ነው።

ቀጥሎ ሁለት ቁጥር ጻፉ። አንዱ የትንሹ ልጅ ወይም የአያት የመኪና ትዕግሥት በደቂቃ ነው፤ ልጁ በጠመዝማዛ መንገድ የሚያስመልሰው ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ቀንሱት። ሁለተኛው በሳምንቱ ውስጥ ባሕር ወይም ሐይቅ ለማየት የምትፈልጉት ስንት ጊዜ እንደሆነ ነው። ከሁለት ጊዜ በላይ ካላችሁ ባሕሩ ከ40 ደቂቃ የማይበልጥ ክልል ያስፈልጋችኋል። ይህች አንዲት መስፈርት ብቻዋን ከዕጩዎቹ ግማሹን ትጥላለች።

ኪሎ ሜትር ሳይሆን ደቂቃ

በኮረብታማ ገጠር ኪሎ ሜትር ያሳስታል። ኪያንቲ በሚባለው የቶስካና ኮረብታማ አካባቢ መሐል ካለችው ራዳ እስከ ሲዬና ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን ኮረብታ እየወጣ፣ ሸለቆ እየወረደ ስለሚሄድ 40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ይፈጃል። ከዚያው ሰፈር ወደ ፍሎረንስ መንዳት አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ወደ ባሕር ደግሞ ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። «ፍሎረንስና ሲዬና መካከል» የሚለው ማስታወቂያ እውነት ነው፤ ሁለቱም ጋ ለመድረስ ግን በቀን ሁለት ሰዓት መኪና ውስጥ መቀመጥ አለ።

የመጨረሻዋን ቁራጭ መንገድ ለብቻ ተመልከቱ። ጣሊያኖች ስትራዳ ቢያንካ የሚሉት ነጭ የኮረኮንች መንገድ በቶስካናና በኡምብሪያ ብዙ ቪላዎች ደጃፍ ድረስ ይዘልቃል። በዝናብ የተቦረቦረ ከሆነ ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንጂ ከዚያ በላይ አይነዳም፤ ሦስት ኪሎ ሜትሩ ብቻውን አሥር ደቂቃ ይበላል ማለት ነው። ወተት ቢጎድል አሥር ደቂቃ ሄዶ አሥር ደቂቃ መመለስ፣ ማታ ከራት ሲመለሱም በጨለማ ያንኑ መድገም ነው። የተከራያችሁት መኪና ጎማው ወይም የታችኛው አካሉ ቢጎዳ ብዙ የኪራይ ኢንሹራንሶች አይሸፍኑትም። ባለቤቱን «ከአስፋልቱ እስከ በሩ ስንት ሜትር ኮረኮንች አለ?» ብላችሁ በቁጥር ጠይቁ። ከአንድ ኪሎ ሜትር በታች ከሆነ አትጨነቁበት፤ ከሦስት ካለፈ ግን እንደ ትልቅ ጉድለት ቁጠሩት።

ለእያንዳንዱ ዕጩ ቤት አራት ጉዞ ለኩ፦ እስከ ምግብ መሸጫ፣ ለመዋኛ እስከሚሆን ባሕር ወይም ሐይቅ፣ ድንገተኛ ክፍል እስካለው ሆስፒታል፣ እስከ አውሮፕላን ማረፊያ። የካርታውን የመነሻ ሰዓት ወደ ኦገስት ቅዳሜ እኩለ ቀን ቀይሩት እንጂ ባላችሁበት ሰዓት አትለኩ። ምግብ መሸጫው ከ15 ደቂቃ፣ ሆስፒታሉ ከ40 ደቂቃ ባይርቅ ጥሩ ነው። የአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ከ90 ደቂቃ ካለፈ የመድረሻው ቀን በልጆች ልቅሶ ያልቃል።

ክልሎቹ በቤተሰብ ዓይን

ቶስካና ሰፊ ነው፤ 23,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። «ቶስካና እንሂድ» ማለት ገና ምርጫ አይደለም። ኪያንቲና ቫል ዶርቻ ከተማ መዞርና ቤተ መዘክር ማየት የሚወዱ፣ ዕድሜያቸው ከአሥር ያለፈ ልጆች ላሏቸው ይመቻሉ። ከዚያ ያነሱ ልጆች ካሏችሁ የሉካን ዙሪያ አስቀድሙ። ከፒዛ አውሮፕላን ማረፊያ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው፤ የቪያሬጆ አሸዋማ ዳርቻም እንደዚያው ቅርብ ነው። ከተማዋ ራሷ ሜዳ ላይ ናት፤ አራት ኪሎ ሜትር በሚሆነው ሰፊ የግንብ ቅጥሯ ላይ ልጆች መኪና ሳይፈራ ብስክሌት ይነዳሉ። ፎቶዎቹ እንደ ቫል ዶርቻ አያስደምሙም፤ ሳምንቱ ግን ይቀላል።

ኡምብሪያ ሕዝብ የማይተራመስባት፣ ኮረብታዋ አረንጓዴ የሆነ ክልል ናት፤ ከባሕርም ሆነ ከሌላ አገር ጋር አትዋሰንም። ልጆቹ ባሕር ባሕር የሚሉ ከሆነ እዚህ አትሂዱ። ትራዚሜኖ ሐይቅ አለ፤ ጥልቀቱ ቢበዛ ስድስት ሜትር ስለሆነ ውሃው ቶሎ ይሞቃል፣ ዳርቻው ግን ጭቃና ሸንበቆ ይበዛዋል፤ በድርቅ ዓመት ደግሞ ውሃው ወደ ውስጥ ይሸሻል። ሦስት ትውልድ አንድ ቤት ለሚይዝና አብዛኛውን ቀን እዚያው ለሚውል ቤተሰብ ግን ኡምብሪያ ደስ ትላለች። 165 ሜትር የሚወርደው የማርሞሬ ፏፏቴ ለልጆች የሚሆን ቀን ነው፤ ውሃው የሚለቀቀው በሰዓት ስለሆነ መርሐ ግብሩን ሳታዩ አትነሡ።

ባሕሩንም ኮረብታውንም የሚሻ፣ ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ያለው ቤተሰብ መጀመሪያ ማየት ያለበት በጣሊያን ምሥራቃዊ ዳርቻ ያለውን የማርኬ ክልል ነው እንላለን። ቤቱን ከአድሪያቲክ ዳርቻ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ወደ ውስጥ ገባ አድርጋችሁ ብትይዙት ጸጥታውም ይገኛል፣ ባሕሩም አይርቅም። በሰኒጋሊያ ያለው ዳርቻ አሸዋው ለስላሳ፣ ውሃው ብዙ ሜትር ድረስ ጉልበት የማያልፍ ነው። ከአንኮና ደቡብ ያለው የኮኔሮ ዳርቻ ደግሞ ጠጠር ስለሆነ የውሃ ጫማ ይፈልጋል። ቀኑ ሲቃጠል ወይም ሲዘንብ ፍራሳሲ ዋሻ አለ፤ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ 14 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ለልጆቹ ሹራብ ያዙ።

በደቡብ ጣሊያን ያለችው ፑልያ መልክዓ ምድሯ ገር ነው። መኪና የሚያማቸው ልጆች ላሏቸው ይህ ብቻ ይበቃል። አውሮፕላን ማረፊያው ባሪና ብሪንዲዚ ነው። ከኦስቱኒ ባሕሩ አሥር ኪሎ ሜትር አይሞላም። በአድሪያቲክ በኩል ድንጋያማ ዳርቻ ይበዛል፤ ሰፊ አሸዋ የምትፈልጉ ከሆነ በፑልያ ደቡባዊ ጫፍ፣ በሳሌንቶ፣ ወደ አዮንያ ባሕር የሚያየውን ምዕራባዊ ዳርቻ ምረጡ። ፑልያን በጁን ወይም በሴፕቴምበር ያዙ፤ የኦገስት ሙቀት ከባድ ነው፣ ዳርቻውም በአገሬው ዕረፍተኛ ይሞላል።

በፈረንሳይ በኩል ፕሮቫንስና ዶርዶኝ ብዙ ጊዜ ይወዳደራሉ፤ ግን የሚመሳሰሉ አይደሉም። ፕሮቫንስ ፀሐይዋ የታመነ ነው፤ ዋጋው ሚስትራል ነው። ከሰሜን የሚወርደው ይህ ነፋስ ሰማዩን ያጠራል፣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሮጥም ይችላል፤ አንዴ ከተነሣ ቀናት ይቆያል። ገንዳው ዳር መቀመጥ አይቻልም፣ ውሃውም ይቀዘቅዛል። በበጋ ደግሞ የእሳት አደጋ ሲያሠጋ ደኖች ለእግረኛ ይዘጋሉ፤ በማርሴይ ዙሪያ የማግስቱ ካርታ የሚወጣው በዋዜማው ምሽት ነው፤ ስለዚህ ካላንክ ወደሚባሉት በገደል የተከበቡ የባሕር ሰርጦች የሚደረግን ጉዞ ለአንድ ቀን ቆርጦ መያዝ አያዋጣም።

ዶርዶኝ ባሕር የላትም፤ ወደ አትላንቲክ ከሁለት ሰዓት በላይ ነው። ያላት ወንዝ ነው። በበጋ በዝግታ በሚፈሰው ውሃ ላይ ታንኳ ተከራይቶ በገደል ላይ በተሠሩ ግንቦች ሥር መቅዘፍ መዋኘት ለሚችሉ ልጆች ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ዋሻዎቹ ደግሞ የዝናብ ቀን ማምለጫ ናቸው። የጥንት ሰዎች ሥዕል ያለበት ዋናው የላስኮ ዋሻ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ለጎብኚ ዝግ ነው፤ የሚጎበኘው እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ የተከፈተው ሙሉ ቅጂው ነው፣ በበጋ ትኬቱን አስቀድማችሁ ግዙ። አትላንቲክ ስለሚነካት ከፕሮቫንስ ይልቅ ዝናብና ነጎድጓድ ትጠብቃላችሁ፤ በዚያው ልክ ምድሯ አረንጓዴ ነው።

ክልሉን ስትመርጡ ቤቱንም እየመረጣችሁ ነው

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ከሁሉ የበለጠ ቅሬታ የሚወልደውም እሱ ነው። የየክልሉ የገበሬ ቤት የተሠራበት ምክንያት ነበረው፤ ቪላ ተብሎ ሲታደስም አጥንቱ አይለወጥም።

በቶስካናና በኡምብሪያ የድሮው ቤት ምድር ቤቱ የከብት በረት ነበር፣ ሰው የሚኖረው ፎቁ ላይ ነው። ስለዚህ ደረጃው ከውጭ ነው፤ ድንጋይ፣ አንዳንዴም መደገፊያ የሌለው። ታድሶም ብዙ ቦታ የላይኛውና የታችኛው ቤት ከውስጥ አይገናኝም። ልጁ ሌሊት ቢነቃ እናቱ ጋ ለመድረስ በውጭ በር ወጥቶ በድንጋይ ደረጃ መውረድ ሊኖርበት ነው። «አሥር ሰው ያስተኛል» የሚለው ቁጥርም ዴፔንዳንስ የሚባለውን፣ ግቢው ውስጥ ለብቻው የቆመውን ቤት ደምሮ ሊሆን ይችላል። የወለል ፕላን ጠይቁ፤ ከሌለ በስልክ ካሜራ እየዞሩ እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ። እያንዳንዱን አልጋ በሰው ስም ሙሉት። የትንሹ ልጅ ስም ከወላጅ ጋር በአንድ ፎቅ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ካልዋለ ቤቱ አይሆናችሁም።

የፑልያ ትሩሎ፣ ሾጣጣ የድንጋይ ጣሪያ ያለው ያ ክብ ቤት፣ ልጆችን በማየት ብቻ ያስፈነድቃል። ግድግዳው ወፍራም ስለሆነ ቀን ይቀዘቅዛል፤ መስኮቱ ግን ጠባብ ነው፤ ክፍሎቹም ብዙ ጊዜ በር የላቸውም፣ መጋረጃ ነው የሚለያቸው። አንድ ሕፃን ካለቀሰ ቤቱ በሙሉ ይነቃል። በጸደይ ድንጋዩ እርጥበት ይይዛል፤ አስም ያለበት ሰው ካለ ማሴሪያ የሚባለውን ሰፊውን የእርሻ ግቢ ቤት ምረጡ።

ማስ የሚባለው የፕሮቫንሱ የገበሬ ቤት ጀርባውን ለሚስትራል ሰጥቶ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ ይሠራል፤ በሰሜን ግድግዳው መስኮት ጥቂት ነው ወይም የለም። ስለዚህ ገንዳው ከቤቱ በየትኛው ወገን እንዳለ በሳተላይት ምስል እዩ። ከቤቱ ደቡብ ከሆነ ቤቱ ነፋሱን ይከላከልለታል። ለዕይታ ተብሎ ሰሜን ላይ ገላጣ ቦታ የተቆፈረ ከሆነ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ተዉት። በዶርዶኝ ደግሞ ጣሪያው በጣም ያዘቀዘቀ ነው፣ መኝታ ክፍልም ከሥሩ ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ እዚያ ያለው ሙቀት ሕፃን አያስተኛም፣ ረጅም ሰውም ግንባሩን ከወራጅ ጋር ያጋጫል።

ወር፣ ከፍታና ገንዳ

ከፍታ ሙቀት ይቀንሳል፤ በ1,000 ሜትር 6.5 ዲግሪ ገደማ። ፍሎረንስ 50 ሜትር ላይ ናት፤ 500 ሜትር ላይ ያለ ቪላ እንግዲህ ሦስት ዲግሪ ይቀላል፣ ሌሊት ለመተኛት ይህ ብዙ ነው። በሜይ ግን ያው ከፍታ ገንዳውን ያቀዘቅዘዋል። ያልሞቀ ገንዳ በሜይ መጨረሻ 20 ዲግሪ ቢደርስ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ሳይንቀጠቀጡ የሚቆዩት ከ27 ጀምሮ ነው። «የሚሞቅ ገንዳ» ከተባላችሁ ሦስት ጥያቄ አለ፦ ለብቻው ይከፈላል ወይ፣ ከመድረሳችን ስንት ቀን ቀድሞ ይበራል፣ ሌሊት የሚሸፈንበት ነገር አለ ወይ። ክዳን ከሌለው ቀን የሞቀው ሌሊት ይበርዳል።

የገንዳ ደኅንነት ከአገር አገር ይለያያል፤ ክልል ስትመርጡ ይህም ይገባል። ፈረንሳይ በጃንዋሪ 3 ቀን 2003 ባወጣችው ሕግ መሬት ውስጥ የተቆፈሩ የግል ገንዳዎች አጥር፣ ማንቂያ ደወል፣ መሸፈኛ ወይም መጠለያ ከእነዚህ አንዱ እንዲኖራቸው አስገድዳለች፤ አጥሩ በወጣለት መስፈርት ቁመቱ ቢያንስ 1.10 ሜትር መሆን አለበት። ሌላ አገር ስትሄዱ ይኖራል ብላችሁ አትገምቱ። ገና መራመድ የጀመረ ልጅ ላለው ቤተሰብ ደወልና መሸፈኛ አይበቁም፤ ብዙው ደወል የሚጮኸው ልጁ ውሃ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው፣ መሸፈኛውን ደግሞ ከዋና በኋላ መልሶ የሚዘረጋ ሰው ያስፈልጋል። በራሱ የሚዘጋ በር ያለው አጥር ያለበትን ፈልጉ። የገንዳውን አነስተኛ ጥልቀት በሴንቲ ሜትር ጠይቁ፤ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር 140 የሆነ ገንዳ ለስድስት ዓመት ልጅ መቆሚያ የለውም።

ብርሃን ሲጠፋ

በጣሊያን የተለመደው የቤት ኤሌክትሪክ ውል 3 ኪሎዋት ነው። ኦቨኑ ሁለት ኪሎዋት ያህል ይወስዳል፣ ልብስ ማጠቢያው ውሃ ሲያሞቅ እንደዚያው፣ እያንዳንዱ ኤር ኮንዲሽነር አንድ ገደማ። ማታ ራት ኦቨን ውስጥ እያለ፣ አንድ ክፍል እየቀዘቀዘ አንድ ሰው የሻይ ማፍያውን ሲሰካ ቤቱ በሙሉ ይጨልማል። ቆጣሪው ብዙ ጊዜ ያለው በግቢው መግቢያ ነው፤ በጨለማ ባትሪ ይዞ እስከዚያ መሄድ ይመጣል። ውሃ የሚስበው ፓምፕም በኤሌክትሪክ ስለሆነ ቧንቧውም አብሮ ይቆማል። ለስምንትና ለአሥር ሰው ቤት ቢያንስ 6 ኪሎዋት መሆኑን በጽሑፍ አረጋግጡ፤ ስትደርሱም ቆጣሪው የት እንዳለና እንዴት መልሶ እንደሚበራ ጠይቁ። ኤሌክትሪክ፣ ማሞቂያና ጋዝ በኪራዩ ውስጥ መሆን አለመሆናቸውንም እዚያው ጨምሩ፤ ማሞቂያ በፍጆታ ልክ የሚከፈልባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው።

መኪናና ወረቀት

ሰባት ሰው የሚጭን መኪና የመጨረሻው የኋላ ወንበሩ ለሰው ሲዘረጋ ለሁለት ትንንሽ ሻንጣ ብቻ ቦታ ይተርፈዋል፤ ሰባት ሰው ከነሻንጣው ከሆናችሁ ሁለት መኪና ወይም ዘጠኝ ሰው የሚጭን ቫን ያዙ። በጣሊያን 150 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ልጅ የልጅ መቀመጫ ግዴታው ነው፣ በፈረንሳይ እስከ አሥር ዓመት። ወደ ፍሎረንስ፣ ሲዬና ወይም ሉካ ስትገቡ ዜድ.ቲ.ኤል. (ZTL) የሚል ምልክት ካያችሁ አትለፉት፤ በካሜራ የሚጠበቅ ክልክል ሰፈር ነው፣ ቅጣቱ ከወራት በኋላ በአከራዩ በኩል ይደርሳል፣ አከራዩም የራሱን ክፍያ ይጨምርበታል።

የጣሊያን ቤት ከሆነ ማስታወቂያው ላይ ሲን (CIN) የተባለው ብሔራዊ መለያ ኮድ እንዳለ እዩ፤ እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ ግዴታ ነው፣ የሌለው ማስታወቂያ ያጠራጥራል። ኮድ ኖረም አልኖረም ቀብድ በባንክ ወደ ግለሰብ አካውንት ላኩ የሚል ካለ አትላኩ። የሼንገን ቪዛ የሚያስፈልጋችሁ ከሆነ ማመልከቻው ብዙ ሌሊት ለምታድሩበት አገር ነው፤ የሚቀርበው ከጉዞው ስድስት ወር እስከ 15 ቀን ቀድሞ ነው። ስለዚህ በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል ሳትወስኑ ቀጠሮ አትያዙ፤ ቪዛው እስኪገኝም የሚሰረዝ ቤት ያዙ።

ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት ባለቤቱን የቤቱን ትክክለኛ የጂፒኤስ ነጥብ ጠይቁት፤ በገጠር አንድ አድራሻ ብዙ ቤቶች ይጠሩበታል። ነጥቡንና ካርታውን ስልክ ላይ አውርዳችሁ ያዙ፤ ሸለቆ ውስጥ ኔትወርክ ይጠፋል። የበረራ ሰዓታችሁን ደግሞ ያንን ኮረኮንች ፀሐይ ሳትጠልቅ እንድትወጡት አድርጋችሁ ምረጡ፤ ከረፈደ የመጀመሪያዋን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ እደሩ።